ማሻአላህ ያላልኩበት ሳምንት

ሰኞ

ዛሬም የመንዙማ ልምምድ ላይ ከዳኝ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከፍ ልል ስል ድምፄ መሀል ላይ ተሰብሮ መጮህ እንደሚለማመድ አውራ ዶሮ ሆነ። ድቤው ቆመ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ፣ ቀን ይጥለዋል።

የሚያለማምዱን ሸህ ይማም አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ትከሻዬን ያዝ አድርገው «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ድምፅህ እየጎረነነ ነው። ዘንድሮ አንተ ተቀበል፣ ሰይድ ያውርድ» አሉኝ። በቃ። መንዙማ ላይ አውራጁ አንድ ነው፤ ሌላው ሁሉ እያጨበጨበ ይቀበላል። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ በመውሊድ አውራጁ እኔ ነበርኩ። ከሚሴ ውስጥ ባጃጅ ስሳፈር እንኳ «ያ የሚያወርደው ልጅ» ነው የምባለው።

ሰይድ ተነስቶ ጀመረ። ከጨፋ ሮቢት የመጣ ነው፣ ክረምቱን አክስቱ ቤት ገብቷል። አስራ ሦስት ዓመቱ ነው። ድምፁ ያለ ምንም ድካም ወጣ፣ ጥርት ብሎ፣ ወደ ላይ። ሰው ሁሉ «ማሻአላህ!» አለ። እኔ አላልኩም። ጥርሴን ነክሼ ጫማዬን አየሁ። ያማረ ነገር ሰምቶ ማሻአላህ ሳይሉ ማለፍ ዓይን ይሆናል፣ ሰው ይጎዳል ይላሉ። ይሁን።

ማክሰኞ

ለድምፄ የሞከርኩት፦ ማር በዝንጅብል። ጥቁር አዝሙድ በማር። ጨው በሙቅ ውሃ። ጥሬ እንቁላል (ሁለተኛ አልሞክርም)። ዝም ማለት፣ እሱንም እስከ ምሳ ብቻ ቻልኩ።

የሰይድ እንከን፦ ጆሮው ሰፊ ነው። የበቆሎ እሸት ሲበላ አገጩ ሁሉ በቆሎ ይሆናል። እኔን «አንቱ» ሊለኝ ምንም አልቀረው፣ እንደ ሽማግሌ። ድምፁ ላይ ግን እንከን አጣሁ። ፈልጌ ነበር ወላሂ።

ለእማ አልነገርኳትም። ነጭ ጀለቢያ አሰፍታልኛለች። ሽንኩርት የሚገዛትን ሁሉ «ዓርብ መውሊድ ላይ የኔ ልጅ ነው የሚያወርደው፣ እንዳትቀሩ» ትለዋለች። ባቲ ያለው አጎቴ ሊሰማኝ ይመጣል። ምን ብዬ ልንገራት? ሂሳብ አልችልም። ኳስ ሜዳ በረኛ የሚያደርጉኝ ሰው ሲጠፋ ነው። ያለኝ ድምፄ ነበር። እሱን ለሰይድ ከለቀቅኩ እኔ ማን ልባል ነው?

ረቡዕ

ሰይድ እቤት ድረስ መጣ! ረጅሙ ስንኝ ላይ የት እንደምተነፍስ እንዳሳየው ፈልጎ ነው። እማ «አካም ጅርታ» ስትለው እሱ በኦሮምኛው ሰላምታውን ዘረጋው፤ ጤናዋን፣ ሰፈሩን፣ ዝናቡን ሳይቀር ጠየቀ። እኔ ሦስት ቃል ብዬ ወደ አማርኛ ስለምሸሽ ሁልጊዜ ታሾፍብኛለች። ዛሬ ዓይኗ ሳቀ። «ልጅ እንዲህ ነው!» አለች፣ እኔን እያየች። አበላችው፣ ጨመረችለት፣ እንደገና ጨመረችለት።

ከዚያ «እትዬ፣ ዓርብ እኔ እንዳወርድ ሸህ ይማም አዘውኛል፣ ዱዓ ያድርጉልኝ» አላት። ክፋት አልነበረበትም። እኔን ግን ገደለኝ።

እንደወጣ «ምን አጥፍተህ ነው?» አለችኝ። ምንም እንዳላጠፋሁ ስነግራት እዚያው ድምፄ ተሰበረ። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ዓይን ነው! ዓይን ድንጋይ ይሰነጥቃል። አንዱ ሲሰማህ ማሻአላህ ሳይል ቀርቶ ነው።»

ውሃ ላይ ቁርኣን አንብባ አጠጣችኝ። ደስ አለኝ እኮ። ጎረነነ ከምባል በዓይን ተመታ ብባል እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ጥፋተኛ ይኖረዋል። ማን ይሆን ብዬ ሳስብ የሰይድ ፊት ብቻ መጣብኝ።

ሐሙስ

የሰይድ ድምፅ ተዘጋ።

ልምምድ ላይ አፉን ከፈተ፣ ንፋስ ብቻ ወጣ። ሸህ ይማም ወደኔ ዞሩ። እዚህ ላይ ከዋሸሁ የት እውነት ልናገር ነው? ደስ አለኝ። ከዚያ የሰኞው ትዝ አለኝ። ሁሉ ማሻአላህ ሲል አፉን የዘጋው አንድ ሰው ነበር፤ እኔ። ያ ረቢ! ሰው ስፈልግ ቆይቼ በዓይኑ የሚጎዳው ራሴ ሆኜ አረፍኩት።



መድኃኒቱን መድረሳ ተምረነዋል። በዓይኑ የጎዳው ሰው ውዱእ ያደርጋል፣ የታጠበበት ውሃ በተጎዳው ሰው ላይ ይፈሳል። ቀላል ነው። ግን ውሃውን ይዞ መሄድ «ቀንቼብሃለሁ» ማለት ነው። ገበያ መሀል ሱሪዬ ቢወልቅ ይሻለኛል። ደግሞ ዝም ካልኩ ነገ የሚያወርድ የለም፣ ልጁም እንደተዘጋ ሊቀር ነው።

ዓርብ

ሄድኩ። ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ማለዳ፣ የታጠብኩበትን ውሃ በጆግ ይዤ፣ ከድኜው። የሰይድ አክስት እትዬ ዘሀራ ወተት ያመጣሁ መስሏት «ጀዛከላህ» ብላ ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። አልለቅም ብዬ በሯ ላይ ታገልኳት።

ሰይድ አንገቱን በሻሽ ጠምጥሞ ተቀምጧል። በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት። «ሰኞ ስታወርድ ማሻአላህ አላልኩም። ቀንቼ ነው። ይኸው ውሃው።»

ይሳደባል ብዬ ጠበቅኩ። አለቀሰ። ከዚያ በሹክሹክታ፣ ሌላ ድምፅ የለውም፣ «አምና ከአባቴ ጋር መጥቼ ስታወርድ ሰምቼህ ነበር» አለኝ። «እኔም አላልኩም። ቅናት አቃጠለኝ። ሰኞ ድምፅህ ሲሰበር በኔ ነው ብዬ... ረቡዕ የመጣሁት ልነግርህ ነበር። እናትህ ስታበላኝ ፈራሁ።»

በኔ የሚቀና ሰው አለ ለካ! ማዘን ነበረብኝ፤ ግን ከሳምንቱ ሁሉ እንደዚያች ቃል ደስ ያለኝ የለም። እሱም ተነስቶ ውዱእ አደረገ። እኔ በሱ ላይ፣ እሱ በኔ ላይ አፈሰስን። እትዬ ዘሀራ ወለሏን ጭቃ ስላደረግንባት በመጥረጊያ አባረረችን።

ከጁምዓ በኋላ የሰይድ ድምፅ ሻከር ብሎ መጣ። ውሃው ይሁን ማሩ አላህ ያውቃል። የኔው አልተመለሰም። እሱ አወረደ። እኔ በነጩ ጀለቢያዬ ተቀባዮቹ መሀል ቆሜ ስቀበል ከሆዴ ወፍራም ድምፅ ወጣ። የኔ መሆኑን ለማረጋገጥ አንዴ ዝም ብዬ ሞከርኩ። የኔው ነው። እማ ከሴቶቹ በኩል ታየኝ ነበር፤ ተቆጥታ ይሁን አዝና አልገባኝም። ሰይድ ከፍ ሲል አሁንም ቀናሁ። ቅናት በአንድ ጆግ ውሃ አይለቅም።

የባቲው አጎቴ ዘግይቶ ደረሰና በግፊያው መሀል ከጎኔ ቆመ። ከአምና ወዲህ አላየኝም። አውራጁን ቀና ብሎ አየና ወደኔ ጠጋ አለ።

«ወንድሜ፣ የእህቴ ልጅ ነበር የሚያወርደው። የት ሄደ?»

«እዚህ ነኝ» አልኩት።

ድምፄን ሰምቶ ከኋላዬ ሌላ ሰው ፈለገ። ከዚያ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«አብዱ?» አለ።

አዎ አልኩት። አዎ ነው መሰለኝ።