በደብተሩ ላይ ያልሰፈረው ጨረር

ውድ ዮሺኖሪ፣

ደብዳቤ ስለ አየሩ ተጠይቆ እንደሚጀመር ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ዛሬ ግን በረዶውንም ብርዱንም ልዝለላቸው። የምነግርህን ከሌላ ሰው አፍ ሳትሰማው እንዲደርስህ ቸኩያለሁ።

ዛሬ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ከተማ ሄጄ ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ስምህን ሰጥቻለሁ። ከመስከረም ጀምሮ የጨረር መለኪያህን ሳትይዝ ወደ ኒውክሌር ኃይል ማመንጫው እንደምትገባ ተናግሬአለሁ። ሰኞ ይጠሩሃል።

ወረቀቱን እስካሁን ካልቀደድከው፣ እንዴት እዚህ እንደደረስኩ በቅደም ተከተል ልንገርህ።

ኅዳር ላይ ከአደጋው ወዲህ ወደምንኖርበት ጊዜያዊ መጠለያ መጥተህ ነበር። የነበርክበት ተቋራጭ ውል አልቆ ወደ ሌላ ልትዛወር ነው። የጨረር መመዝገቢያ ደብተርህን በእጅህ መልሰውልሃል፤ አዲሱ ቀጣሪ ደግሞ በእጅ የተጻፈ የሕይወት ታሪክ ይፈልጋል።

«መምህር፣ የኔን ጽሕፈት ካዩ የሐኪም ማዘዣ መስሏቸው ወደ መድኃኒት ቤት ይልኩኛል። እባክዎ ይጻፉልኝ» አልከኝ።

ከጎኔ ባለው ቤት የሚኖሩት እናትህ ወይዘሮ ቶሜ በጨው የታሸ ጎመን ይዘው ገቡና፣ «ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቶት ዛሬም የቤት ሥራውን በመምህሩ ያሠራል!» ብለው ሳቁብህ። ሁላችንም ሳቅን።

የውሉን ቀን ልገለብጥ ደብተርህን ገለጥኩ፤ በየወሩ የተቀበልከው የጨረር መጠን ተጽፏል። ሰኔ፣ ስምንት ነጥብ ሁለት። ሐምሌ፣ ዘጠኝ ነጥብ አንድ። ነሐሴ፣ ስምንት ነጥብ ስድስት። መስከረም፣ ዜሮ ነጥብ ስምንት። ጥቅምት፣ ዜሮ ነጥብ ሰባት። ሥራህ ግን አልተለወጠም፤ ያው ወደ ማቀዝቀዣ ፓምፖቹ የኤሌክትሪክ ኬብል መዘርጋት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የሳይንስ ሙከራ ደብተር ያረምኩ ሰው ነኝ። ከመለኪያ የተነበበ ቁጥር ከሌላው ይለይልኛል።

እናትህ ሲወጡ፣ «መስከረም ላይ ምን ተፈጠረ?» አልኩህ።

«ጨረሩ ቀነሳ።»

«ላንተ ብቻ?»

ተማሪ ሳለህ ክፍል ውስጥ ታደርግ እንደነበረው ማጅራትህን አከክህ። «መለኪያውን ማረፊያው ክፍል፣ ጫማዬ ውስጥ ትቼው ነው የምገባው። ሁሉም ሰው አያደርገውም። እኔ ብቻም አይደለሁም።»

ከዚያ ምክንያቱን አስረዳኸኝ። ለአንድ ሠራተኛ የተፈቀደው የዓመቱ የጨረር ልክ ከሞላ በሩ ይዘጋብሃል። «እኔ ከወጣሁ ማን ሊጨርሰው ነው? ከሌላ አውራጃ የሚያመጧቸው ሰዎች ኬብል ከልብስ ማስጫ ገመድ አይለዩም። ለአገር መብራት ሲልክ የኖረ ጣቢያ፣ ማዕበሉ ሲመታው ለራሱ ፓምፕ መብራት አጥቶ እኮ ነው ይሄ ሁሉ የመጣብን! አሁንም ያለው አንድ መስመር ነው። ሁለተኛው ሳይገባ አንዲት አይጥ ሽቦ ብትበላ ተመልሰን እዚያው ነን።»

«ያነበብከውን ጻፍ፣ የተመኘኸውን አትጻፍ ብዬ አላስተማርኩህም?»

«አስተምረውኛል» አልክ። ፈገግታህ ጠፋ። «በዚያው ዓመት ጣቢያውን ሊያስጎበኙን ወስደውን፣ ማዕበል ከዚህ ከፍታ አያልፍም የሚለውን ቁጥርም አስገልብጠውናል። እኔ ሁለቱንም አንድም ሳልሳሳት ነው የገለበጥኩት፣ መምህር።»

ሦስት ሳምንት ይበቃኛል ስላልከኝ፣ መስመሩ እስኪያልቅ ዝም እንደምል ቃል ሰጠሁህና የሕይወት ታሪክህን ጽፌ ጨረስኩ። ጽሕፈቴ በጣም ያምር ነበር።

ዝምታዬን ለአንተ ከማዘን እንዳትቆጥረው። ስለ ማዕበሉ ቁጥር ያልከኝን ሰው ፊት ትደግመዋለህ ብዬ ፈርቼ ነው። ሃያ ሁለት ጊዜ፣ በየዓመቱ፣ ልጆች አሰልፌ ወደዚያ ጣቢያ ወስጃለሁ። የማዕበሉን ቁጥር ማን እንደለካው፣ በምን እንደለካው አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ተማሪ እንዲህ ያለ ምንጭ የሌለው ቁጥር ቢያመጣልኝ ግማሽ ነጥብ እቀንስበት ነበር።

እንደምታውቀው ጠዋት ጠዋት የመጠለያውን መጫወቻ ሜዳ ጨረር እለካለሁ። ሦስት ቦታ፣ በየቦታው አምስት ንባብ፤ አማካዩን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ሚናኮ፣ ቤት ቁጥር አሥራ አራት የምትኖረው ወጣት እናት፣ ልጇን አዝላ አጠገቤ ቆመች።

«መምህር፣ አንድ ነገር ብጠይቅዎ አይቆጡኝም?»

«ጠይቂ።»

«ይሄ ቁጥር የእውነት ነው? ወይስ እንድንረጋጋ ብለው ነው?»

«አምስት ጊዜ ከተነበበ በኋላ አማካዩ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ኧረ ስሌቱን አይደለም! ልጄን ላውርዳት ወይ ነው የምልዎት።»

ቁጥሩ የእውነት ነበር። አውርጂያት አልኳት፤ አወረደቻት። ልጅቷ በጓንቷ አፈር ስትዝቅ ቆሜ አየሁ። ሚናኮ ያመነችው እኔን ነው። እኔ ደግሞ የአንተን ደብተር አይቼ ዝም ያልኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

ማታውን ደወልኩልህ። ራስህ ተናገር፣ ወይም አቁም አልኩህ።

«ሦስት ሳምንት ብቻ፣ መምህር።»

«ኅዳርም ላይ ሦስት ሳምንት ነበር ያልከኝ።»

«ታዲያ የፓምፑ ቤት ጣሪያ አፍስሶ ሥራው እንደሚጓተት እኔ በምን ልወቅ! ደግሞ ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ» ብለህ ዘጋኸው። ስምንት ቀን ጠበቅሁህ።

ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው፣ «ለእርስዎ ምንዎ ነው?» አለኝ። መምህሩ ነኝ አልኩት። «መቼ አወቁ?» ሲለኝ ኅዳር አሥራ ዘጠኝ አልኩት። ብዕሩን አንሥቶ አየኝ። ጻፈው አልኩት። አሥራ አንድ ሳምንት መደበቄ ከስምህ ሥር ተጽፏል።

ሁለተኛው መስመር ያለአንተ ይጠናቀቅ አይጠናቀቅ አላውቅም። ፓምፑ ቢቆም ጥፋቱ የኔም ነው፤ ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። ግን ከዚያ በላይ የሚያስፈራኝ፣ ሰውነትህ ምን ያህል እንደተቀበለ አንተም እኔም አለማወቃችን ነው። የገባህበትን ቀን፣ ክፍሉን፣ የቆየህበትን ሰዓት በሙሉ ጽፈህ አምጣልኝ። መለኪያቸውን ይዘው አብረውህ ከገቡት ሰዎች ንባብ ተነሥተን እናሰላዋለን። ትክክለኛውን አናገኘውም። ምን ያህል ልንሳሳት እንደምንችል ግን ከጎኑ እንጽፋለን። ቁጣህ እስኪበርድ አትጠብቅ፤ ይዘኸው ና።

እናትህ ገና አልሰሙም። ጠዋት ሙሉ ልብስ ለብሼ አውቶቡስ ስጠብቅ አይተውኝ፣ «ምነው፣ ማን ሞተ?» አሉኝ። ማንም አልኳቸው። እሑድ እንደ ልማዳቸው ሩዝ ቀቅለው ይጠብቁሃል። ሰኞ ሳይደርስ ንገራቸው። ከቢሮ በሚመጣ ወረቀት አይወቁት። አብረኸኝ ሁን ካልከኝ አጠገብህ እቀመጣለሁ። ብቻዬን ካልክም የኛ ግድግዳ ስስ ነው፣ ሁሉ ነገር ይሰማል፤ ጨርሰህ እስክትወጣ ወደ ውጭ ወጥቼ እቆያለሁ።

መምህርህ፣
ኩሳኖ ኢሳሙ