የማይወልደው ወለድ

ሰኞ፣ ከሰዓት

እግሬ አብጧል። ዛሬም በምሠራበት መጦሪያ ቤት ሺፍቱ ላይ ሰው ጎድሎ ነበር፤ አረጋውያኑን ሁሉ እኔና አንዲት ፊሊፒናዊት አጥበን አለበስን። ቤት እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ የባንኩን አፕ ከፈትኩ። ሱስ ሆኖብኛል። የወሩ ወለድ ገብቷል፦ አንድ ዶላር ከምናምን ሳንቲም። ለስድስት ዓመት ቁጠባ! ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ። አትፍረጂብኝ፣ ደብተሬ።

ረቡዕ፣ ማለዳ

እኔ ልወጣ ስል ግርማ ክሬጊበርን ካለው መጋዘን የሌሊት ሥራውን ጨርሶ ገባ። በር ላይ የሚተላለፉ ባልና ሚስት ሆነናል። ከከተማው ዳር፣ ሜልተን ሰፈር ያየነው ቤት ተሸጧል አለኝ። ከጎኑ ያለው፣ ያው ዓይነት ቤት፣ ጨምሯል። ዲፖዚቱ፣ ለቤት ብድር የምናስይዘው ብር፣ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ አሁን እንደገና ብዙ ቀረው። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። እኛ በእግር፣ ቤቱ በመኪና።

አንድ ዓመት ብቻ እንታገስ ይላል። መጀመሪያ ቤት፣ ከዚያ ልጅ። በኪራይ ቤት ልጅ አላሳድግም ነው የሚለው። ቦርሳዬን አንስቼ ወደ ሥራ ወጣሁ። የተስማማሁ መሰለው።

አርባ አንድ ዓመቴ እኮ ነው!

ዓርብ፣ እረፍት

እትዬ ዘነበች ጋ ሄድኩ። እዚህ ሰፈር፣ ዌስት ፉትስክሬይ፣ ከገባን ጀምሮ ጎረቤታችን፣ በቤ/ክ ደግሞ እንደ እናቴ ናቸው። የሟች ባላቸውን ገንዘብ ባንክ አስቀምጠው በወለዱ ጡረታቸውን ይደጉሙ ነበር። አሁን ወለዱ የለም፤ ዋናውን መብላት ጀምረዋል። ማሞቂያውን አጥፍተው፣ ጋቢ ተጠቅልለው አገኘኋቸው። አንጀቴን በሉት።

ቀልዳቸው ግን አልቀነሰም። ዜና ሰምተዋል፤ ሌላ አገር ባንኮች ወለድ መክፈሉን ትተው ጭራሽ አስቀማጩን ማስከፈል ጀምረዋል፣ እዚህም ይመጣ ይሆን እየተባለ ነው። ምን ይሉታል ይሄን? አሉኝ። ከዜሮ በታች የሆነ ወለድ አልኳቸው። ወለድማ መውለድ ነው፣ ይሄ ማስወረድ ነው እንጂ! ብለው ተንከተከቱ።

እኔ አልሳቅሁም። ሁለት ጊዜ እንዳስወረደኝ አያውቁም። ከግርማ በቀር ማንም አያውቅም። ራሴን አመመኝ ብዬ ወጣሁ፤ እንዳይቀየሙኝ ፈራሁ።

ሰኞ፣ ባቡር ውስጥ

ክሊኒክ ነበርኩ። ለግርማ ጥርስ ሐኪም ጋ ነው ያልኩት። ዋሸሁት።

ዶ/ሯ አልሸነገለችኝም። እንቁላሌ እያለቀ ነው። ከሆነ አሁን፤ ዓመት ቆይቼ ብመጣ ላትቀበለኝ ትችላለች። አሁንም ተስፋው ጠባብ ነው። ለማርገዝ የሚረዳው ሕክምና ዋጋው ከዲፖዚቱ ግማሹን ይበላል።

አናደደኝ። ባንክ ያለው ብር ቁጥሩ እንዳለ ነው፤ የሚገዛው ነገር ግን በየወሩ እያነሰ ሄደ። ከልጅነታችን ቆጥቡ፣ ቆጥቡ ተባልን። እሺ ብለን ልብስ ሳንገዛ፣ አገር ቤት ሳንሄድ ቆጠብን። ስንጠብቅ ምን እንደምንከስር የነገረን የለም። ጠብቂ ያለኝ ሰው ሁሉ ዛሬ ጠላቴ ነው። ግርማም ጭምር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ማክሰኞ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ሺፍቴን አስቀየርኩ። ክሊኒኩ ጋ ደውዬ ቀጠሮ ቡክ አደረግሁ። ነገ ቅድሚያ ክፍያ ይፈልጋሉ።

አካውንቱ የጋራ ነው፤ ያለ ሁለታችን ፊርማ ብር አይወጣም። ለሕክምናውም የእሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ግርማ መጋረጃውን ዘግቶ ተኝቷል። ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን ሲያነሳ አድሮ ነው የመጣው። ባይሳካ ቤትም ልጅም የለንም፤ እሱም ዕድሜውን ሙሉ ይወቅሰኛል። አውቃለሁ። መጋዘን ከገባ ጀምሮ እንቅልፉን ነክቼበት አላውቅም። በጫፍ እግሬ ነው የምሄደው፣ ስልኬን እንኳ ድምፁን አጥፍቼ።

አሁን ልቀሰቅሰው ነው።