265 ለሚለው ቁጥር የቀረበ ምስጋና

ለመድኃኒት ማከማቻዎች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ክቡር ዋና ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ፤ የእርስዎ ጤንነት እንደኛ በማከማቻው ማቀዝቀዣ ላይ የተንጠለጠለ ባለመሆኑም ከልብ ደስ ይለኛል። እኔ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፤ ቤት ውስጥ ወፌ እንላታለን። የስኳር ሕመም ስላለባት በየቀኑ ኢንሱሊን ትወስዳለች፤ መድኃኒቷንም የምንቀበለው በእርስዎ ሥር ከሚተዳደረው የሰፈራችን ማከማቻ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በጣም ስለፈራሁ ነው። ሰው ሲፈራ ትሕትናው እንደሚጨምር ክቡርነትዎ በበታቾችዎ ሳያዩት አይቀሩም።

አንደኛ። ከሥልጠና በተመለሱ በሳምንቱ፣ ማከማቻዎች ሁሉ የማቀዝቀዣቸውን ሙቀት በኬልቪን እንዲመዘግቡ ስላዘዙ ምስጋናዬ ይድረስዎ። መመሪያዎ ኬልቪን ከዜሮ በታች ስለማይወርድ ሪፖርቶቻችን ከእንግዲህ በመቀነስ ምልክት አይበላሹም ይላል፤ ስለ ሪፖርት ደኅንነት ይህን ያህል የሚጨነቅ ኃላፊ ስላለን ኮርተናል። ችግሩ ማቀዝቀዣዎቹ በእርዳታ የመጡ አሮጌዎች መሆናቸው ነው፤ ቴርሞሜትራቸው የሚናገረው በፋራናይት ነው። መሥሪያ ቤትዎም ቴርሞሜትር በመቀየር አልደከመም፤ አንድ ገጽ ወረቀት በየማቀዝቀዣው በር ላይ አስለጠፈ። ወረቀቱ የሚለው ይህን ነው፦ ፋራናይቱን በአምስት አባዛ፣ ለዘጠኝ አካፍል፣ 265 ደምር፤ ያገኘኸው ኬልቪን ነው። ውጤቱ ከ275 እስከ 281 ከሆነ መድኃኒቱ ደኅና ነው።

ሁለተኛ። ክቡርነትዎ፣ የሚደመረው 255 ነው። አንድ ዳቦ ጋጋሪ ይህን ከየት አመጣው እንዳይሉኝ፣ የእኔም ምድጃ አሮጌ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከፋራናይት ጋር ስንጣላና ስንታረቅ ኖረናል። ውሃ በረዶ የሚሆነው በ32 ፋራናይት ነው፤ በኬልቪን 273 መሆኑን ደግሞ ከወፌ የትምህርት ቤት መጽሐፍ አረጋገጥኩ። 32ን በአምስት አባዝተው ለዘጠኝ ሲያካፍሉት አሥራ ስምንት ገደማ ይመጣል፤ 255 ሲደምሩበት 273 ይሆናል። የእርስዎ ወረቀት ግን 283 ይሰጣል። ይህ ማለት በመሥሪያ ቤትዎ ስሌት በረዶ ራሱ ለመድኃኒት ማስቀመጫነት ከመጠን በላይ ይሞቃል ማለት ነው።

ሦስተኛ። የማከማቻው ባለሙያ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ጉዳቱም የመጣው ከጥንቃቄው ነው። ማቀዝቀዣው 40 ፋራናይት ላይ ነበር፤ ይህም ለኢንሱሊን የሚስማማ ቅዝቃዜ ነው። እንደ ወረቀቱ ሲያሰላው 287 ወጣበት። መድኃኒቱ ሊበላሽ ነው ብሎ ደነገጠና የቅዝቃዜ ማስተካከያውን ትንሽ ጨመረ። በማግሥቱም ጨመረ። ወረቀቱ 280 እስኪል ድረስ ሲጨምር ሰንብቶ ተደላድሎ ተቀመጠ፤ ያኔ ቴርሞሜትሩ 27 ላይ ደርሷል። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ሆኖ ከቀለጠ፣ መልኩ እንደነበረ ሊሆን ይችላል፣ ሥራው ግን አይታመንም። ተቆጣጣሪዎችዎም መጥተው መዝገቡን አገላብጠው፣ ማቀዝቀዣውን ሳይከፍቱ፣ የምሥጋና የምስክር ወረቀት ሰጥተውት ሄዱ። ከመመሪያው ጎን በፍሬም ተሰቅሏል፤ በእውነት ያምራል።

አራተኛውን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ወፌ ውሃ ጥሙ አላስቀምጣት አለ፤ ከሳች፤ ስኳሯ በመርፌም አልወርድ አለ። እኔ አባቷ ከሱቄ ኬክ እየሰረቀች የምትበላ መሰለኝ። መደርደሪያውን ቆለፍኩባት። በእናቷ ፊት ሌባ አልኳት። እሷም መርፌውን የምትወጋው አጥፍታ መስሏት እየደጋገመች «አባዬ፣ እንዳሳየኸኝ ነው እኮ የማደርገው» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከትምህርት ቤት ተደወለ፤ ዴስኳ ላይ ተኝታ አልነቃ ብላለች። ስደርስ አስተማሪዋ አቅፋት መኪና ስትጠብቅ ነበር፤ የልጄ ትንፋሽ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ሆስፒታል በገባች በሦስተኛው ቀን ዐይኗን ገልጣ መጀመሪያ ያለችኝ «ኬክ አልበላሁም» ነው።

መድኃኒት ልጨምር ማከማቻው በሄድኩ ጊዜ ነው የማቀዝቀዣው በር ሲከፈት 27ን ያየሁት። ባለሙያውን «ይህ እኮ በረዶ ነው» ስለው ወደ ወረቀቱ አመለከተኝና «ጋሼ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው የማሰላው» አለኝ። ይህ ወረቀት በአሥራ አራት ማከማቻዎች ማቀዝቀዣ በር ላይ እንዳለ የነገረኝም እሱ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ልጅ ሲያዛጋ ባየሁ ቁጥር እደነግጣለሁ።

አምስተኛ። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ በጨዋነት አስቀምጠውኝ፣ ቁጥር መቀየር የኮሚቴ ሥልጣን እንደሆነና ኮሚቴውም የሚሰበሰበው ሰኞ ሳምንት እንደሆነ አስረዱኝ። አንድ ስድስትን አምስት ለማድረግ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ስላላወቅሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እንግዲህ የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው፦ ወረቀቱ ዛሬውኑ ይነሣ፤ በረዶ የነካው ኢንሱሊን ሁሉ ይጣልና የወሰዱት ሰዎች ይነገራቸው። መመሪያዎን በድፍረት ያረምኩ ስለመሰለኝ ከወዲሁ ጎንበስ ብዬ፣ የምስክር ወረቀትዎ ከማይደርስበት የሆስፒታል ኮሪደር፣ ከእንጨት አግዳሚ ላይ፣ ከጥልቅ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

የወፌ አባት፣ ዳቦ ጋጋሪው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ለማከማቻው አዲስ ኢንሱሊን ገብቶ ነበር። ባለሙያው ልመናዬን ሰምቶ ማቀዝቀዣውን ወደ 40 መለሰውና እንደ ወረቀቱ አስልቶ 287 ብሎ ሪፖርት አደረገ። ዛሬ ጠዋት ከመሥሪያ ቤትዎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። እሱም ቤተሰብ አለውና መልሶ 27 አደረገው። የዋርዷ ነርስ ከሌላ ቦታ ፈልጋ ያመጣችልን ጠርሙስ ለወፌ የሚበቃት እስከ ሐሙስ ነው።