መርፌውን ከመውጋቷ በፊት ለጠየቀችው ተማሪ ስለተሰጠው ዜሮ

ይድረስ ለክቡር የምንጭ ዳር ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ዲን
ሚዛን ተፈሪ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም፤ ኮሌጅዎ ዘንድሮ የሚያስመርቃቸው ነርሶች ሥራ ሊጀምሩ ጥቂት ወራት ስለቀራቸው ሁላችንም ጤናችንን አጥብቀን መያዝ ስለሚገባን ነው።

እኔ ወልደጻድቅ እባላለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ፣ ከዚያም ውስጥ አሥራ አራቱን ቤንችኛ በሚነገርባት በሸዋ ቤንች ወረዳ አሳልፌ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ ተማሪዎችዎ የተግባር ፈተና ሲፈተኑ፣ በሆስፒታሉ የሴቶች ክፍል ባለቤቴን እያስታመምኩ ነበር። «አስታማሚ ይውጣ» ሲባል አልወጣሁም፤ አልጋ ሥር እንደተቀመጠ ፌስታል ማንም ልብ አላለኝም። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርበው ምስጋና በዓይኔ ባየሁትና በጆሮዬ በሰማሁት ላይ የተመሠረተ ነው።

፩. በመጀመሪያ ስለ ዜሮው አመሰግናለሁ። ጽጌሬዳ የተባለችው የአራተኛ ዓመት ተማሪዎ ከባለቤቴ ቀጥሎ ለተኙ አንዲት የሸዋ ቤንች እናት መርፌ እንድትሰጥ ታዘዘች። የእናትየውን ስም የማልጽፈው ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅኩ ነው፤ ፈቃድ መጠየቅ በፈታኙ ቅጽ ላይ ሁለት ነጥብ እንዳለው አይቻለሁና ነጥብ መጣል አልፈልግም። እኚህ እናት ከቤንችኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አይሰሙም። ጽጌሬዳም የዚያው አገር ልጅ ናትና ጎንበስ ብላ በቤንችኛ ሰላምታ ሰጠቻቸው፤ ምን ልታደርግ እንደሆነ ነገረቻቸው፤ መድኃኒቱንም ከዚህ ቀደም ወስደውት ያውቁ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ሲሪንጁ ውስጥ ያለውን እንደ ወተት የነጣ ነገር ሲያዩ፣ አምና ጤና ጣቢያ ይህንኑ ተወግተው ፊታቸው እንዳበጠ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው በቃሬዛ እንደተወሰዱ ነገሯት። ልጅቱ ሲሪንጁን ሳህኑ ላይ መልሳ «ቲቸር፣ ይኼ መድኃኒት አይስማማቸውም፤ ሐኪም ይጠየቅ» አለች። ፈታኙ መምህር እንድርያስም ወረቀታቸውን ከላይ እስከ ታች ካነበቡ በኋላ «እሱ ቼክሊስቱ ላይ የት ነው ያለው? ደግሞ በእንግሊዝኛ አስረጂ ነው የተባልሽው» አሏት። ከታካሚ ጋር ለመግባባት ዜሮ፣ መርፌ ለመስጠት ዜሮ።

፪. ቀጥሎ ስለ አሥራ ስምንት ከሃያው። ያንኑ መርፌ ለእኚሁ እናት እንዲሰጥ ቀጥሎ የታዘዘው ተፈታኝ ፍሬአብ የሚባል፣ ከቴፒ የመጣ ትሑት ልጅ ነው፤ የተማረውን አደረገ እንጂ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። አልጋው ራስጌ ቆሞ «ጉድ ሞርኒንግ ማዘር» ብሎ ጀመረና አንድ ጊዜ እንኳ ሳይደናቀፍ በእንግሊዝኛ ወረደው። እናትየው ጸሎት እየተደረገላቸው መሰላቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ቆዩና ሲጨርስ «አሜን» አሉ። መምህር እንድርያስ «ፈቃድ ተገኝቷል» በሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አደረጉ። መርፌው ሲቀርብ ግን እናትየው ከአልጋው ሊወርዱ ታገሉ፤ ልጁ «ሪላክስ ማዘር» እያለ ተጠጋ። ያን ጊዜ ተረኛዋ ሲስተር ሔለን ከክፍሉ ጫፍ እየሮጠች መጥታ «አንተ ልጅ፣ አስቀምጥ! እምቢ እያሉህ አይደል እንዴ?» ብላ እጁን ያዘች። ሲስተር ሔለን ቤንችኛ አትችልም፤ እምቢታ ግን አስተርጓሚ እንደማያስፈልገው ታውቃለች፤ መቼም የእናንተ ተማሪ የነበረች አይመስለኝም። ሐኪም ተጠራ፣ የአምናው ካርድ ከካርድ ክፍል ተፈልጎ ወጣ፣ መድኃኒቱ ተቀየረ። ከፍሬአብ ላይ የተቀነሱት ሁለት ነጥቦች፣ እንደሰማሁት፣ ሥራውን ሳይጨርስ በመቅረቱ ነው።

፫. ስለ ሞጁሉም ሳላመሰግን አላልፍም። «ለነርስ ተማሪዎች የትምህርት መሠረቶችና ዓላማዎች» የሚለውን ጥራዝ ከጽጌሬዳ ተውሼ አነበብኩት። ገና በሁለተኛው ገጽ «ትምህርት ዘላቂ የባሕርይ ለውጥ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ ማክሰኞ ዕለት በእናትየው ላይ ሊመጣ የነበረው ለውጥ ከሁሉ የበለጠ ዘላቂ ይሆን ነበር። ከሰባቱ ዓላማዎች ሦስተኛው ደግሞ ነርስ ማኅበረሰቡን በሚሰማው ቋንቋ ታነጋግራለች፣ ከመርፌዋ በፊት ጆሮዋን ታቀርባለች ይላል። ልጅቱ በዚህ ትምህርት ኤ አምጥታለች። ጥፋቷ ግልጽ ነው፤ ሸምድዳ ለፈተና መጻፍ ሲበቃት አመነችበት።

፬. ከሁሉ ይልቅ ግን ትምህርት ክፍሉ የጻፈላት ደብዳቤ ልቤን ነክቶታል። «በፈተና ሰዓት ከታካሚ ጋር የግል ወሬ በማውራትሽ» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ከቢሮዎ መስኮት ሥር ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቆመው ገበያ እኩሌታው የሚገበያየው በዚህ የግል ወሬ ነው። አሥራ አራት ዓመት በዚህ የግል ወሬ እየተመከርኩ፣ እየተሰደብኩ፣ ሙሾ ሲወርድበትም ተቀምጬ እያለቀስኩ ኖሬያለሁ። ሊሞት የተቃረበ ሰው የመጨረሻ ቃሉን የሚናገረው በዚያ ነው እንጂ በቼክሊስት አይደለም።

እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢያጥረኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ይህች ልጅ ሰው አድና ነው የወደቀችው። የይግባኝ ኮሚቴዎ ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይሰበሰባል፤ ዜሮውን ካጸደቀ ስሟ ከመውጫ ፈተና ዝርዝር ይሰረዛል፣ አራት ዓመቷም አብሮ ይሰረዛል። ልጅቱም ዕቃዋን ይዛ ሸዋ ቤንች ትገባለች፤ ሸዋ ቤንችም የምትሰማት ብቸኛ ነርስ ሳትደርስላት ትቀራለች። እናንተ ደግሞ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ ሰው የሚገድል ምሩቅ ይዛችሁ ፎቶ ትነሣላችሁ። እንዲህ ያለውን ነገር እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት የመምህርነት ዘመኔ ስም አላገኘሁለትም፤ ምናልባት ሞጁሉ በሚቀጥለው እትሙ ያወጣለት ይሆናል።

የቼክሊስቱን ሣጥኖች አንድም ሳያስተርፉ የሚሞሉበትን ብርታት ፈጣሪ እንዳይነሣዎ፣ ቢታመሙም ቋንቋዎን የሚያውቅ ሰው ከራስጌዎ እንዳያሳጣዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያ ባላነሰ ንዴት እሰናበታለሁ።

ወልደጻድቅ
ጡረተኛ መምህርና አስታማሚ
ከሴቶች ክፍል፣ አልጋ ቁጥር ስድስት አጠገብ

ማሳሰቢያ፦ እናትየው ተሽሏቸው ተነሥተዋል፤ ሐሙስ ኮሚቴው ፊት ቀርበው ልመስክር ብለዋል። የእኔ ቤንችኛ ለገበያና ለለቅሶ እንጂ ለሕክምና ቃል አይበቃም፤ የኮሌጁን መምህራንም በየቢሯቸው ዞሬ ጠይቄ የሚያስተረጉም አንድ ሰው አጣሁ። ስለዚህ ጽጌሬዳ ከተከሳሽ ወንበር ተነሥታ ታስተረጉምላችሁ ዘንድ ፈቃድዎን እጠይቃለሁ። በእንግሊዝኛ ካላችሁም ትችላለች።