አዲሱ ፓይዘን ያለበት አድራሻ

ፀደንያ፣

ላፕቶፑን ከመክፈትሽ በፊት ተቀመጪ። ትናንት ሳትኖሪ ኮድሽን የምታስኬጂበትን ፓይዘን አዲሱን ጭኜልሽ አሮጌውን አጠፋሁት።

አዎ፣ «አትንኪብኝ» ብለሽኝ ነበር። ቻርጀሬን ሳትጠይቂኝ ስትወስጂ እኔ ምን አልኩ?

ባለፈው ሳምንት ቤት መቀየራችንን ረስተሽ ፈረንሳይ ሰፈር ሄደሽ የድሮውን በር አንኳኩተሽ የለም እንዴ? ላፕቶፕሽም እንደዚያው ሆኗል፤ ፓይዘንን የሚፈልገው በድሮው አድራሻ ነው። ሴቲንግ ውስጥ «ፓዝ» የሚለውን የአድራሻ ዝርዝር ክፈቺ፣ የድሮውን መስመር አጥፊና ከዚህ ወረቀት ጀርባ የጻፍኩትን አስገቢ። ከዚያ ትእዛዝ የምትጽፊባትን ጥቁር መስኮት ዘግተሽ እንደገና ክፈቺ። ለስምንት ሰዓቱ ፕሬዘንቴሽንሽ ትደርሻለሽ።

ምሳ ሠርቼልሻለሁ። እኔ! ምሳ! ከዚህ በላይ ምን ልበል?

ባይሠራ አትደውይልኝ፤ እንጦጦ ወጥቻለሁ፣ እዚያ ኔትወርክ የለም።

ቢኖርም የለም።

ኡርጂ