ያልበላሁትን ምሳ ስለሚመሰክረው ፎቶዬ

ለክቡር የጡረተኞች ክበብ የጤና ክፍል ኃላፊ፤

ብዕሩን የያዘችው ልብስ ሰፊዋ ምራቴ ናት። ቃሉ ግን የእኔው ነው፤ ዕድሜዬን በአውቶቡስ ጋራዥ ጎማ ስጠግን የኖርኩ ጎሚስታ ነኝ፣ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ከመፈረም ያለፈ ፊደል አላውቅም። ጠንከር ያለውን ቃል ልታለሳልስ ስትል እየያዝኳት፣ እንዳልኩሽ ጻፊ ብያታለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ ከምሳ በፊትም ከምሳ በኋላም የጠራ ደም እመኛለሁ። የእኔን ደህንነት እርስዎ ራስዎ በምግብ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ስለለጠፉት መናገሩ ትርፍ ድካም ነው። ጥርሴን አሳይቼ ከተነሳሁት ፎቶ ሥር ያለው ጽሑፍ፣ «የሚረጋ ዘይት በልተው ደማቸው እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ» ይላል አሉ። በዚህ ዕድሜዬ የግድግዳ ጌጥ ስላደረጉኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። አቤቱታዬም እነሆ፦

አንደኛ፤ እኛን ሽማግሌዎች በባዶ ሆድ ሰብስበው፣ ለግማሾቻችን በሚረጋው ዘይት፣ ለግማሾቻችን በወይራ ዘይት የተጠበሰ ድንች ማብላትዎ ትልቅ ሐሳብ ነበር። ደም የምትቀዳው ነርስ በአክብሮት አስረድታናለች፦ ቅባት የበላ ሰው ደሙ ለጥቂት ሰዓታት በስብ ይደፈርሳል፣ ከዚያ ይጠራል፤ የትኛው ዘይት ይበልጥ እንደሚያደፈርሰው ልናይ ነው አለች። ይህ ለእኔም ገብቶኛል። ያልገባኝ፣ እንዲህ ላለ ረቂቅ ሥራ ሁላችንንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ክርን ለክርን አስቀምጦ፣ ጠባቂ ሳያቆሙ መሄድን ከየትኛው ትምህርት ቤት እንዳገኙት ነው።

ሁለተኛ፤ ከጎኔ የተቀመጠው የጋራዡ በያጅ ነበር፤ የእሱ ድንች በወይራ፣ የእኔ በሚረጋው። በያጁ ሲበላ እንደ ብየዳው ነው፣ አንዴ ካቀረቀረ ቀና አይልም። የራሱን ጠርጎ ሲያበቃ ዓይኑ የእኔ ሳህን ላይ አረፈ። ጓደኛዬ እያየኝ ብቻዬን የምውጥበት ጉሮሮ ስላልተፈጠረልኝ ሳህኔን ገፋሁለት። ለወጉ ያህል አንተስ አለኝ፣ አፉ ግን ሞልቶ ነበር። እኔ ደረቅ ዳቦ በሻይ በላሁ።

ሦስተኛ፤ ውጤቱ መጣ። የእኔ ደም ጠራ። በበያጁ ብልቃጥ ላይ ወተት የመሰለ ነገር ሰፈፈ። እርስዎም የሚረጋውን ዘይት በነፃ አሰናብተው፣ የሁለት ሰው ምሳ የተሸከመውን ወይራ ያለ ጠበቃ ፈረዱበት። ሌሎቹስ ይሉኝ ይሆናል። ሌሎቹማ ሳህን ሲለዋወጡ ነው የዋሉት።

አራተኛ፤ አልነገሩኝም እንዳይሉ። በዚያው ዕለት በነጭ ጋወንዎ ሲያልፉ ከመቀመጫዬ ተነስቼ፣ «ጌታዬ፣ እኔ እኮ አልበላሁም» ብያለሁ። ክቡርነትዎ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «አባባ፣ ደም አይዋሽም» ብለውኝ አለፉ። እውነትዎን ነው። ደሜ አልዋሸም፤ አልበላሁም ነበር ያለው።

ለሚቀጥለው ቁጥር አትስጪው ብያታለሁ ምራቴን፤ ከሌሎቹ ጋር አይቆጠርም። ታናሽ ወንድሜ የልብ ሕመምተኛ ነው። ሐኪሙ ቅባት ቀንስ፣ የሚረጋውንማ ጨርሰህ ተው ብሎት ትቶ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ምሳውም ራቱም ከእናንተ አዳራሽ ነው። ከማስታወቂያዎ በኋላ ወጥ ቤቱ በሙሉ ወደሚረጋው ዘይት ዞረ፤ ወንድሜም ሳህኑን ይዞ ከፎቶዬ ትይዩ ይቀመጣል። ተው ስለው፣ «ያንተ ደም ከጠራ የእኔ ምን ሊሆን ነው፣ ያንድ እናት ልጆች አይደለን?» ይለኛል። አልበላሁም ብዬ ብምልለት እንኳ፣ ከአፌ ይልቅ ፎቶዬን ያምናል። በቀደም የአዳራሹ ደረጃ መሐል ቆሞ ደረቱን ይዞ አገኘሁት። ሲያየኝ እጁን አወረደ።

የትኛው ዘይት ጥፋተኛ እንደሆነ እኔ አላውቅም። እርስዎም አላወቁም። ልዩነታችን፣ እኔ አለማወቄን ግድግዳ ላይ አለመለጠፌ ነው። ስለዚህ ፎቶዬን ዛሬውኑ እንዲያወርዱልኝ፣ ያበላሹትንም በቃልዎ ለወንድሜ እንዲነግሩልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ፈተናውን መድገም ካሻዎት፣ ከበያጁ አርቀው ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙረው ያስቀምጡኝ፤ እንክት አድርጌ እበላለሁ።

ቀንም ማታም ያለ ደመወዝ ከግድግዳዎ ላይ ፈገግ ብዬ የማገለግልዎ፣ ደሜንም ፊቴንም በእጅዎ ያስቀመጥኩ፣

የጋራዡ ጎሚስታ (የአውራ ጣት ምልክት)

የተረሳ ነገር፤ ወይራውን በፈረዱበት ማግስት ከቤትዎ ያመጡትን ምሳ በቢሮዎ ሲከፍቱ፣ በያጁ በበሩ ሲያልፍ ሽታው ደርሶታል። በወይራ የተሠራ ነው አለ። መቼም ስለ ዘይት ከእርስዎ ብልቃጥ የበያጁን አፍንጫ አምናለሁ።

በይ አሁን አንብቢልኝ። ወንድሜ ጋ ስትደርሺ ቀስ በይ።