ቦታ ያልተገኘለት ራዲያተር

ይድረስ ለምወድህና ለምቆጣህ ታላቅ ወንድሜ ለኤርምያስ ሀብተሥላሴ፣ ጁባ።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ ዛሬም የሆቴሉን ዕቃ የምትሸከመው አንተው ነህ? ፀዲስ እንዴት ናት? ሃሌሉያስ ጥርስ አወጣች? የዚያ አገር ሙቀት ለሕፃን አይሆንም ይላሉ፤ እማማ ነጋ ጠባ ስለ እሷ ነው የምታወራው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማማን ጉልበቷን ከማመሙ በቀር ሌላ ነገር የለባትም። ባለቤቴ ዮሴፍም ማስተማሩን እንደያዘ ነው። እኔም እንደምታውቀኝ ነኝ፤ አልበረድኩም።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ነገር ግን ባለፈው የመኪናውን ነገር ሳነሳብህ "ሰብሌ፣ ያለፈውን ተይው" ብለህ ዘጋህብኝ። ደብዳቤ አይዘጋም። ሹፌሩ አብዱ ወደ እናንተ ጭነት ይዞ ስለሚመጣ በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። ተቀምጠህ አንብበው።

መኪናው ተነስቷል። ያ ጓሯችን ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የቆመው፣ አልጋና ምድጃ ያለው፣ ጀርመናዊው ዶክተር የዱር ቡና ሲያጠና ቤት አድርጎ የኖረበት አሮጌ ኮምቢ ባለፈው እሁድ በገዛ ሞተሩ ከግቢያችን ወጣ። የጠገንኩት እኔ ነኝ። መኪና ወድጄ እንዳይመስልህ። መካኒኩ ኃይለመስቀል በየቀኑ ጋራዡ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ፣ ወደ ስፌት ቤቴ ሳልፍ "ያቻትና የሀብተሥላሴ ልጅ" እያለ ለሰው ሲያሳየኝ፣ አንድ ቀን በዚሁ በር በዚያው መኪና አልፍበታለሁ ብዬ ነው። ጋሽ ብዬ መጥራቱን ከተውኩ ቆይቻለሁ።

ነገሩን ታውቀዋለህ። ግን አንተ እንደያዝከው ሳይሆን እንደነበረው ላስታውስህ። ዶክተሩ አገሩ ሲገባ መኪናውን ለአባባ አደራ ሰጠ። ኋላም ታምሜአለሁ፣ አልመለስም፣ መኪናው ለእድሩ ይሁን ብሎ ጻፈ። እድሩ እንዲያየው ኃይለመስቀልን ላከ። ከአይሱዙና ከላንድክሩዘር ሌላ ነክቶ የማያውቀው ሰው ከፊት ሞተር ፈልጎ አጣ፤ ከኋላ ሲከፍት ሞተሩን አገኘው፣ ራዲያተር ግን የለም። "ራዲያተሩ ተፈቶ ተሽጧል" አለ። ጠባቂው አባባ ነበር፤ ስለዚህ ሻጩም አባባ ሆነ።

ሽማግሌዎቹ ወይ ማል ወይ ተካ አሉት። አባባ "ለብረት ብዬ የፈጣሪን ስም አልጠራም" አለ። ወይፈኑን ሸጦ፣ ጅማ ሄዶ፣ ከአንድ አሮጌ መኪና የወለቀ ራዲያተር ገዝቶ ከመናኸሪያ እስከ ቤት በጀርባው ተሸክሞ መጣ። በዚህ ነገሩ ያልቃል ብሎ ነው። እነሱ ግን ካልወሰደው ለምን መለሰ አሉ። ሃያ ዓመት የያዘውን የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ ተቀብለው ለኃይለመስቀል ሰጡት። መኪናውንም የተሰረቀበት ነገር ነው ብለው እዚያው ጓሮ ተዉት።

ሥራውን የጀመርኩት ሰኔ ላይ ነው። በመጀመሪያ ዶሮዎቹን ከአልጋው አስወጣሁ። የዶክተሩን የጥገና መጽሐፍ ከምድጃው ሥር ካለው መሳቢያ አገኘነው፤ በጀርመንኛ ነው፣ ግን ሥዕል ሞልቶበታል። ዕድሜዬን የልብስ ቅድ ሳነብ የኖርኩ ሰው ሥዕል አይከብደኝም። ራዲያተሩን ብቻ ከየትኛውም ሥዕል አጣሁት፤ ገጹ ተቀዶ ይሆናል ብዬ አለፍኩ።

ያ ሁሉ ሞተር የተያዘው በአራት ቡሎን ነው ብልህ ታምነኛለህ? በአሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ ፈታሁት። ከሥሩ የቡና ገለባ የሞላ ጆንያ ደርድሬ፣ ዮሴፍ ደግፎልኝ፣ ክሪኩን ቀስ እያልኩ ሳወርደው ጆንያው ላይ ተኛ። የማራገቢያው ሽፋን ውስጥ አይጥ ጎጆዋን ሠርታ፣ የእኔኑ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቃበታለች። ካርቡራተሩን በቤንዚን አጠብኩ። ካንዴላዎቹን ቀየርኩ። የጋቢናው ወለል በዝገት ተበልቶ መሬት ያሳይ ስለነበር ላሜራ አስበየድኩበት። ወደ ላይ የሚከፈተውን የጣሪያ ሸራ በራሴ ስፌት መኪና ሰፋሁት፤ ሁለት መርፌ ሰብሮብኛል። ሰፈሩ ሁሉ አበደች አለ። እማማ እንኳ በካፊኖኖ የማልጽፍልህን ስድብ ሰደበችኝ።

ለፍሬን ዕቃና ለቺንጊያ አዲስ አበባ ሄድኩ። አሮጌ የቮልስ ዕቃ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ፤ የዚህም መኪና ዕቃ እሳቸው ጋ አለ። የፈለግኩትን ሁሉ ከሰጡኝ በኋላ የራዲያተር ጎማ ይጨምሩልኝ አልኳቸው። የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። ቀጥሎ ፊቴን አይተው ሳቃቸውን ተዉት።

"ልጄ፣ ይህ መኪና ራዲያተር ኖሮት አያውቅም" አሉኝ። "ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው።"

እዚያው የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀመጥኩ። እኔም እኮ፣ ወንድም ጋሼ፣ ያን ሁሉ ዓመት ከአባባ ሌላ ሌባ ስፈልግ ነው የኖርኩት። ሌባ አልነበረም። የተሰረቀ ነገርም አልነበረም። አንድ ሰው አላውቅም ማለት አፍሮ የአባታችንን ስም በላ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በጋራዡ በር ማለፉ አነሰብኝ።

ባለፈው እሁድ የእድሩ ስብሰባ ነበር። መኪናው በሦስተኛው ሙከራ ተነሳ። ዮሴፍ እየነዳ፣ እኔ ራዲያተሩን ጭኔ ላይ ይዤ ሄድን። ሰው ተሰብስቦ ባለበት ሜዳ አቆምነው፤ ሞተሩን አላጠፋነውም። ሕዝቡ ብድግ አለ። ራዲያተሩን ወስጄ ኃይለመስቀል እግር ሥር አስቀመጥኩት።

"ጋሽ ኃይለመስቀል፣ አባቴ የመለሰው ራዲያተር ይኸውልዎት። በሰው ፊት ቦታው ላይ ይግጠሙልኝ" አልኩት።

መጀመሪያ ፈገግ ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። ከኋላ ከፈተ። ወደ ፊት ዞረ። ተንበርክኮ ከሥር አየ፣ ቀጥሎም በእሁድ ልብሱ መሬት ላይ ተኛ። የቡሎን ቀዳዳ ፈለገ፣ የውሃ መግቢያ ፈለገ፣ ራዲያተሩን እዚህም እዚያም እየለካ ዞረ። ሞተሩ ይኼን ሁሉ ጊዜ ያለ አንድ ጠብታ ውሃ ይሠራል። በመጨረሻ ቀና ሳይል ቦታ የለውም አለ። እኔ ሰምቻለሁ፤ ግን አልሰማሁም አልኩት። "ቦታ የለውም" አለ ጮክ ብሎ። መኪናው ከተሠራ ጀምሮ የራዲያተር ቦታ እንዳልነበረው የእድሩ ጸሐፊ መዝገብ ላይ አሰፈረ። እጄን ዘረጋሁ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከቀበቶው ፈትቶ ሰጠኝ።

አርጅቷል። ከተኛበት የተነሳው መኪናውን ተደግፎ ነው። ቢያሳዝነኝ ኖሮ እነግርህ ነበር፤ አላሳዘነኝም። ዮሴፍ አሁንስ በቃሽ አለኝ። አልበቃኝም፤ አንተ ቀርተሃል።

አባባ ያን ቀን ራዲያተሩን ከጀርባው አውርዶ ውሃ ሲጠጣ አጠገቡ ተቀመጥክ። "አባባ፣ ሸጠኸው ከሆነ ለእኔ ብቻ ንገረኝ" አልከው። በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ውሃውን ሳይጨርስ ኩባያውን አስቀመጠው። በወሩ አንተ ወደ ጁባ ሄድክ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ስለ አንተ ሲጠይቀው ደህና ነው ከማለት ሌላ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ኃይለመስቀል በሕዝብ ፊት አዋረደው፤ አንተ ግን በገዛ ቤቱ። ለቀብሩም መንገዱ ተዘግቷል ብለህ ቀረህ። አብዱን ጠይቄዋለሁ፤ በዚያው ሳምንት ጭነት ይዞ አልፎበታል።

ሙት ዓመቱ ጥር 12 ነው። ትመጣለህ። እድሩ መኪናውን እስከዚያ ድረስ ለእኔ ትቶልኛል፤ ሚዛን ድረስ መጥተን እንቀበልሃለን። ጋቢና ግን አትቀመጥም። ከኋላ አልጋው ላይ ነህ፤ ሞተሩ ከሥርህ ነው፣ እስከ ቦንጋ እየሰማኸው ትመጣለህ።

እማማ "ዓይኗን ሳላይ አልሙት፤ ሃሌሉያን ሳምልኝ" ብላሃለች። ለፀዲ ማር ልካለች፣ አብዱ ጋ ነው፤ ሲያወርደው እንዳይገለበጥ ንገረው። ደብዳቤውን አንብቤላት "አታክርሪበት" አለች እንጂ አንዱንም መስመር ሰርዢ አላለችኝም። ዮሴፍም በጣም ናፍቀኸዋል። ሰላምታዬ ለሁላችሁም ይድረስ።

ራዲያተሩን አልጣልኩትም። ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ መቃብሩ በጀርባህ የምትሸከመው አንተ ነህ። ስለ ወገብህም አስቤበታለሁ፤ አባባንም ያኔ ወገቡን ያመው ነበር።

እህትህ ሰብሌ ሀብተሥላሴ
ቦንጋ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.